ሁለት ዕዳ ባንድ ጣራ ሥር

በግቢያችን የተማሪ ጨዋታ ወደ ገንዘብ ባዘነበለ ቁጥር የሚነሣው የወጪ መጋራት ነገር ነው። «ዲግሪ ይዘን እንወጣለን ስንል ዕዳ ይዘን ልንወጣ ነው» የሚለው አባባል የተለመደ ሆኗል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ከባላገር የመጣነው ሰዎች ቤታችንን መለስ ብለን ብናይ፥ የኛ ዕዳ ለቤቱ ሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አባት ለማዳበሪያ ወይም ለበሬ መግዣ፥ እናት ለዶሮ ወይም ለጠላ ንግድ የተበደሩት ገንዘብ እኛ ለመልቀቂያ ፈተና ከመቀመጣችን አስቀድሞ በቤት ውስጥ ነበረ። ሁለቱም ዕዳዎች የመንግሥት መርሐ ግብር የወለዳቸው ናቸው፤ ሁለቱም የተነሡት የሌለውን ሰው ካለው ጋር ለማስተካከል ነው። አሠራራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከምን ላይ እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ለምሳሌም ሐሙሲትን ወስደናል።

ሐሙሲትን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ጎንደር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፥ በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው የሐሙስ ገበያ ናት። በዙሪያዋ ጤፍ፥ በቆሎና ዳጉሳ ይዘራል፤ በጉማራ ወንዝ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ሩዝ አለ፤ ከወረታ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ደግሞ የገብስና የድንች አገር ይሆናል። ሐሙሲትን የመረጥናት ከሌሎቹ የተለየ ጉድ ስላለባት አይደለም። ገበያ ስለሆነች ነው። እህል የሚሸጥበት ቀንና ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚታየው በገበያ ነውና።

መንግሥት ለድኻ ገበሬ ያበድራል የሚለው አሳብ ባገራችን ዕድሜው ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 የእርሻ ባንክ ተቋቁሞ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልማት ባንክ ተተካ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ ካበደረው ገንዘብ ውስጥ 2 ሚሊዮን ዶላሩ ለዚሁ ልማት ባንክ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ባንክ የሚያበድረው መያዣ ላለው ነው፤ መያዣ ያለውም ሰፊ መሬት ወይም በከተማ ቤት ያለው ሰው ነበር። በበጌምድር መሬቱ በአብዛኛው ርስት ስለነበረ፥ ባለ ርስቱ ከዘመድ አዝማድ ጋር የሚካፈለውን መሬት ወስዶ ለባንክ በመያዣነት ሊያቀርበው አይችልም። ስለዚህ ባላገሩ በሬ ሲሞትበት ወይም ዘር ሲያልቅበት የሚሄደው ወደ ዘመዱና ወደ ዕቁቡ ነበር። አንድ በሬ የቀረው እንደሆነ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል። ጥሬ ገንዘብ የቸገረውና ዘመድ ያልረዳው ግን አራጣ አበዳሪ ፊት ይቆማል። በወር ከመቶ 10 የሚታሰብ አራጣ በዓመት ከመቶ 120 መሆኑን ለመረዳት የሒሳብ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የተሞከሩት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ለትንንሽ ገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1970 የእርሻና የኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ተቋቋመ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ በኋላም ብድሩ በገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይሰጥ ጀመር። መሬት ለባንክ የሚያዝበት መንገድ ግን ባዋጁ ፈጽሞ ተዘጋ። ከዚህም የተነሣ ጥያቄው እንዲህ ሆነ፤ መሬቱን የማይሸጥና የማያስይዝ፥ ደመወዝም የሌለው ሰው በምን ዋስትና ይበደር?

መልሱ ከባንግላዴሽ መጣ። የምጣኔ ሀብት መምህሩ ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 በጆብራ መንደር የጀመረውና በ1983 ግራሚን ባንክ የሆነው ሥራ የሰዎችን መተዋወቅ እንደ መያዣ ቆጠረው። ጥቂት ጎረቤታሞች በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ላንዱ ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ፥ ወይም ቀጣይ ብድር ይታገድባቸዋል። ባንኩ የተበዳሪውን ጠባይ ባያውቅ ጎረቤቱ ያውቃል፤ ባንኩ መጠየቅ ባይችል ጎረቤቱ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 40/1988 ይህን መሰል ብድርና ቁጠባ በኢትዮጵያ በሕግ ፈቀደ። ባማራ ክልልም አመልድ በሚል አጠራር የሚታወቀው የመልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው የብድር ሥራ በ1989 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሆነ። አብቁተ የምንለው ይኸው ነው። በሕግ የአክሲዮን ኩባንያ ይሁን እንጂ፥ የክልሉ መንግሥትና የልማት ማኅበራት ባለድርሻ ስለሆኑና በየቀበሌው ካለው አስተዳደር ጋር እየተረዳዳ ስለሚሠራ፥ ባላገሩ «የመንግሥት ብድር» ብሎ ይጠራዋል። አጠራሩ ብዙም አልተሳሳተም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ባንክነት ተሸጋግሮ ፀደይ ባንክ ተብሏል።

ይህ ሥርዓት ያደረገውን በጎ ነገር መካድ አይገባም። ካንድ ባንክ ደጃፍ ቆመው የማያውቁ ሰዎች በቀበሌያቸው ሆነው ገንዘብ አገኙ። ከሁሉም ይልቅ ሴቶች ተጠቀሙ፤ ባል ሳይጠየቅ በስሟ የተበደረች፥ በስሟም የቆጠበች ሴት በቤት ውስጥ ያላት ቃል እንደ ቀድሞው አይደለም። የአራጣ አበዳሪውም ጉልበት ፈጽሞ ባይጠፋ እንኳ ቀንሷል። በሐሙስ ገበያ ጌሾ፥ እንቁላል፥ በርበሬ ይዘው ከሚቀመጡት ሴቶች መካከል የመነሻ ገንዘባቸውን ከዚህ ብድር ያገኙ እንዳሉ ያካባቢው ልጆች የሆንን እናውቃለን።

ጉድለቱ ግን እዚያው ከጥንካሬው ጋር ተሰፍቶ ነው የመጣው። አንደኛ፥ ዋሱ ጎረቤት ከሆነ፥ ጎረቤት የናቀው ሰው ዋስ የለውም። ባገራችን ሸክላ ሠሪው፥ ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂው በስድብ ስም ሲጠራ የኖረ ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት፥ በደንገል ታንኳ ሥራቸው የታወቁት ነገደ ወይጦዎችም በገዛ አገራቸው ለብዙ ዘመን እንደ እንግዳ ሲታዩ ኖረዋል። መሬት የሌለው፥ ማኅበርና ዕድር የማያቀርበው ሰው የብድር ቡድን ሲመሠረት ማን «ና፥ ከኛ ጋር ግባ» ይለዋል? ቡድኑ የሚመርጠው የሚከፍለውን ነው፤ የሚከፍለውም ቀድሞ ያለው ነው። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ለተገፋው ሰው ተብሎ የተሠራው በር በተገፋው ሰው ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ማንም ሳይዘጋው። ይህ እንዲስተካከል የሚፈልግ መንግሥት በቡድን ዋስትና ላይ ብቻ መተማመን የለበትም፤ ለነዚህ ማኅበረሰቦች ራሱ ዋስ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

ሁለተኛውና ትልቁ ጉድለት የጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ላንድ ተበዳሪ ከ5,000 ብር በላይ እንዳይሰጥ፥ ብድሩም ከ1 ዓመት እንዳያልፍ ያዝዝ ነበር። ባንድ ዓመት ውስጥ ወይፈን ገዝቶ፥ ቀንበር አስለምዶ፥ አርሶ፥ አትርፎ መክፈል እንዴት እንደሚቻል መመሪያውን የጻፈው ሰው ቢነግረን ደስ ባለን ነበር። ያ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2002 ተነሥቷል። የመክፈያው ቀን ነገር ግን አልተለወጠም። ለእርሻ የተወሰደ ብድር ባመዛኙ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም ምርት በገባ ጊዜ። ይህ ሲሰሙት ደግ ይመስላል፤ ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነውና። ነገር ግን ያን ጊዜ ገንዘብ የሚፈልገው እሱ ብቻ አይደለም። በደራና በፎገራ፥ በፋርጣና በሊቦ ያለ ባለዕዳ ሁሉ በታኅሣሥና በጥር እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። ሻጩ ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ገንዘቡን ይዞ የሚጠብቀው ያንኑ ወር ነው። ያው እህል በሐምሌና በነሐሴ፥ ጎተራው በተራቆተ ጊዜ፥ በውድ ዋጋ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም የሚገዛው ያው የሸጠው ገበሬ ነው።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይቀላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ናቸው። አንድ ቤት ከነወለዱ 12,000 ብር ዕዳ አለበት እንበል። በታኅሣሥ አንድ ኩንታል ጤፍ 6,000 ብር ቢሸጥ፥ ዕዳውን ለመክፈል 2 ኩንታል ይሄዳል። በሐምሌ ዋጋው 8,000 ቢደርስና ዕዳው ያን ጊዜ ቢከፈል ግን የሚሄደው አንድ ኩንታል ተኩል ነው። ልዩነቱ 50 ኪሎ ነው። ይህ 50 ኪሎ በብድር ደብተሩ ላይ ወለድ ተብሎ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከጎተራው ወጥቷል። በብር ቢታሰብ በሐምሌ ዋጋ 4,000 ብር ነው። እንግዲህ ስለ ብድር ስንከራከር «ወለዱ ስንት ነው?» ብለን የምንጀምረው ክርክር ግማሹን ብቻ እንደሚይዝ ልብ እንበል። ሌላው ግማሽ «መቼ ይከፈላል?» የሚለው ነው።

ይህም የተናገርነው ምርቱ ያማረ እንደሆነ ነው። በረዶ የመታው፥ ጉማራ ሞልቶ ያጥለቀለቀው፥ ተምች የበላው ማሳም ዕዳው ያው ነው። ከዚህም የሚገርመው ምርት ሲትረፈረፍም አደጋ አለ። በ1994 ዓ.ም. በምዕራብ አማራና በኦሮሚያ የበቆሎ ምርት እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ዋጋው ወድቆ፥ ብዙ ገበሬ ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን መሸፈን አልቻለም ነበር። በጊዜው የማዳበሪያ ብድሩን ለባንክ ዋስ ሆነው የተበደሩት የክልል መንግሥታት ስለነበሩ አስከፋዩም የቀበሌው አስተዳደር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ድርቅ ተከተለ። አንዱ ዓመት በጥጋብ፥ ሌላው በረኀብ ባለዕዳ አደረገው ማለት ነው። የብድር ተቋማት በሪፖርታቸው ዕዳ ሁሉ ማለት ይቻላል እንደተመለሰ ሲጽፉ ደስ ይለናል፤ ሪፖርቱ ግን ዕዳው የተመለሰው ከትርፍ ይሁን፥ በሬ ተሸጦ ይሁን፥ ከአራጣ ተበድሮ ይሁን አይናገርም።

አሁን ወደኛ ዕዳ እንመለስ። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 መሠረት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከማስተማሪያው ወጪም ቢያንስ ከመቶ 15 እንዲጋራ ደነገገ። በእጁ ገንዘብ ያለው አስቀድሞ መክፈል ይችላል፤ የሌለው በየዓመቱ ውል ይፈርምና ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ ይከፍላል። የሚቀንሰው አሠሪው ነው፤ የሚሰበስበው የግብር መሥሪያ ቤት ነው። መምህር ለመሆን የሠለጠኑት ባገልግሎት እንዲከፍሉም ደንቡ መንገድ አበጅቷል። ለዲግሪው ዋናው ወረቀት ሲኬድ የወጪ መጋራት ማጣሪያ የሚጠየቀውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ብድር አባት አውስትራሊያ ናት። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የዩኒቨርሲቲ ክፍያን ስትመልስ፥ ተማሪው ገቢው ከተወሰነ ልክ ሲደርስ ብቻ በግብር መልክ እንዲከፍል አደረገች። የዚያን ሥርዓት ንድፍ ካወጡት አንዱ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ብሩስ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ገንዘብ ጥናት ጽፏል። የአሳቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። የትምህርት ትርፍ መቼ እንደሚመጣ፥ መምጣቱም አለመምጣቱም አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ዕዳው ቀን አይቆረጥለት፤ ገቢን ይከተል። ገቢ ሲኖር ይከፈላል፥ ገቢ ሲያንስ ያንሳል፥ ገቢ ከሌለ ይጠብቃል።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ከደመወዙ የሚቆረጥበት የለም፤ ደመወዝ የለውማ! 10,000 ብር የሚያገኝ 1,000 ብር ይከፍላል፤ ዕዳው 30,000 ቢሆን በ30 ወር ያልቃል። ማንም ጎረቤቱ ስለሱ ተጠያቂ አይሆንም። ጥጃ ተፈትቶ አይወሰድበትም። በዚያው ቤት ያለው አባት ግን ምርት ያግኝ አያግኝ ቀኑ ያው ነው፤ ባይከፍል አብረውት የፈረሙት ጎረቤቶቹ ፊት ይጠቁሩበታል። ከገቢው ስንት እጅ እንደሚወሰድ የሚወስን ልክ የለም፤ ካስፈለገ ሙሉው ይሄዳል። መንግሥት ለተማረው ልጅ «ስታገኝ ትከፍላለህ» ብሎ፥ ላልተማረው አባት «ብታጣም ትከፍላለህ» ያለው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ደመወዝ በመዝገብ ይታያል፤ ጎተራ አይታይም። የገበሬው ገቢ ስለማይታይ የሚያዘው በቀንና በጎረቤት ነው። ነገሩ ይገባናል፤ ትክክል ነው ማለት ግን አንችልም።

ይህን ስንል የኛ ዕዳ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለብዙ ጊዜ ከቆየበት 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ22 ብር ምን ይበላ እንደነበር የቀመሰ ያውቀዋልና ጭማሪውን ማንም አይጠላም። ነገር ግን በደንቡ ቃል የምግብ ወጪ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ከሆነ፥ የአሥር ወር ምግብ ከ6,600 ብር ወደ 30,000 ብር ወጣ ማለት ነው። አራት ዓመት ቢባዛ 120,000 ይሆናል። በነን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበልም ቢሆን ከሒሳቡ አያመልጥም። የጀማሪ ደመወዝ ባለበት ቆሞ ዕዳው እንዲህ ካደገ፥ ከመቶ 10 እየከፈሉ ለብዙ ዓመታት መኖር ሊመጣ ነው። ስለዚህ ጭማሪው በውላችን ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ በግልጽ እንዲነገረን መጠየቅ መብታችን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወጪ መጋራት ድኻውን ይረዳል የሚባለው ድኻው ከበሩ ከገባ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2። የቀሩት ወይ በማካካሻ ትምህርት ይሞክራሉ፥ ወይ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከሐሙሲት ራቅ ካለ ቀበሌ መጥቶ፥ በከተማ ቤት ተከራይቶ፥ ከቤት የመጣ ስንቅ እየበላ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ የሚከፍለው ኪራይ በምንም የመንግሥት ብድር አይሸፈንም። የሚሸፈነው በአባቱ ጎተራ ነው። ስለዚህ የአባት ዕዳ በታኅሣሥ የወሰደው 50 ኪሎ የልጁ የቤት ኪራይ ሊሆን ይችል የነበረ ነው። ለትምህርት የሚሰጠውን ብድርና ለእርሻ የሚሰጠውን ብድር ለየብቻ የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ላያስተውሉት ይችላሉ፤ በቤቱ ውስጥ ግን ገንዘቡ አንድ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ጠብ ሲል የምትቀረው እሷ መሆኗን ሁላችን እናውቃለን።

ለወጣቶች ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድም የተሰጠው በማኅበር ለተደራጁ ነው። እዚህም ያው የቡድን ነገር ተመልሶ መጣ። ስለሱ በሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል።

ታዲያ የገበሬው ዕዳ ከኛ ዕዳ መማር ይችላል ወይ? ይችላል እንላለን፤ ፈጽሞ አዲስ ነገር መፍጠርም አያስፈልግም። ግራሚን ባንክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባንግላዴሽን ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ የቀድሞ ሕጉን አላልቶ፥ የተቸገረ ተበዳሪ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት አድርጓል። የቡድን ዋስትናን ለዓለም ያስተማረው ባንክ ትምህርቱን ካሻሻለ ተማሪዎቹ በድሮው ደብተር መቆየታቸው ለምንድን ነው? ባገራችንም እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ በአዲሐ መንደር የዝናብ መጠንን መሠረት ያደረገ የሰብል መድን ተሞክሮ፥ በኋላ ወደ አማራ ክልልም ተስፋፍቷል። የዝናብ መድን ያለው ብድር ዝናብ በቀረ ዓመት ገበሬውን ብቻውን አይተወውም። ለዋጋ መውደቅ ደግሞ ሌላ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ወጥቷል። አሳቡ እንዲህ ነው፤ ገበሬው በታኅሣሥ እህሉን አይሸጥም፥ በታመነ መጋዘን ያስገባና ደረሰኝ ይቀበላል፤ ደረሰኙን አስይዞ ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ ይወስዳል፤ ዋጋው ሲወጣ ይሸጣል። ይህ ሥራ ለቡናና ለሰሊጥ ላኪው ብቻ ሳይሆን ለሐሙሲት ጤፍና ለፎገራ ሩዝ ቢደርስ፥ ያ 50 ኪሎ ከነጋዴው መጋዘን ወደ ገበሬው ጎተራ ይመለሳል።

የአብቁተ ወደ ባንክነት መሻገርም በሁለት ዓይን የሚታይ ነው። ባንክ ብዙ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ለረጅም ጊዜም ያበድራል። ነገር ግን ባንክ ትልቅ ተበዳሪ ይወዳል፤ አንድ ሚሊዮን ላንድ ሰው ማበደር ለአንድ መቶ ሰው አሥር አሥር ሺሕ ከማበደር ይቀለዋልና። በገበሬው እጅ ያለው የመሬት ይዞታ ደብተርም አሁን ለብድር መያዣ የሚሆንበት ሕግ አለ፤ የሚያዘው መሬቱ ራሱ ሳይሆን የመጠቀም መብቱ ነው። ይህ ጎረቤት የናቀውንም፥ ዋስ ያጣውንም ሰው ሊረዳ ይችላል፤ ይዞታ ካለው ማለት ነው። ይዞታ የሌለው ወጣት ግን ከዚህም ከዚያም ውጭ ነው። መብቱን አስይዞ መክፈል ያቃተውም ሰው ማሳውን ለዓመታት ሌላ ሲያርሰው ቆሞ ማየት ሊመጣበት ነው። በገቢ ልክ የሚከፈልበት አሠራር ሳይኖር መሬትን ለመያዣ ማቅረብ የሚያስፈራን ከዚህ የተነሣ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ይህን ሁሉ አክብዶታል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የምንመላለስበት እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይታጠፋል፤ ገበያ የታጠፈበት ገበሬ ምርቱ ቢያምርም በእጁ ገንዘብ የለም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወዷል። ማዳበሪያ ሲወደድ የሚበደሩት ገንዘብ ይበዛል፤ የመክፈያው ወር ግን ያው ታኅሣሥና ጥር ነው።

ስለዚህ ከማኅበራችን አባላት አንድ ነገር እንለምናለን። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የቤታችሁን የብድር ደብተር ተመልከቱ። ብድሩ የተወሰደበትን ወር፥ የሚከፈልበትን ወር፥ መጠኑንና ወለዱን ጻፉ። በከፈላችሁበት ሳምንት የሸጣችሁትን እህል ዓይነትና የኩንታሉን ዋጋ ጨምሩበት፤ በሐምሌም ያንኑ እህል ዋጋ ከዚያው ገበያ ጠይቁ። የቤተ ሰቡን ስም አትጻፉ፤ ወረዳውና ገበያው ይበቃል። የወጪ መጋራት ውል የፈረማችሁበትም ካለ፥ የየዓመቱን ድምር ከጎኑ አስፍሩ። ውሉን ስትፈርሙ የራሳችሁን ቅጂ መቀበል አትርሱ። ወረቀቶቹን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቡን፤ ከሐሙሲት፥ ከወረታና ከደብረ ታቦር የሚመጡትን ለየብቻ ደምረን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።